ሮቶው ስንት ቀረው? ፍሎት፣ ቱቦ፣ ዘንግ ወይስ ስክሪን

ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰው ሮቶ ሲያስገባ ጥያቄው ያው ነው፤ ጣሪያ ላይ ሳይወጡ መጠኑን ማወቂያው የቱ ይሻላል? ሻጭ ቀድሞ የሚያሳየው ስክሪን ያለውን ነው። ገንዘባችሁን ግን ቀድማችሁ ሁለት ፍሎት ላይ አውሉት፤ ፍሎት ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው።

ሱቅ ስትገቡ «የኤሌክትሪክ ፍሎት» በሉ። «ፍሎት» ብቻ ብትሉ የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ኳስ ሊቀርብላችሁ ይችላል። አንዱ ፍሎት ምድር ባለው ታንከር ይገባል፤ ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን ያጠፋል። ሌላው ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ይገባል፤ ሲሞላ ያጠፋል። ሁለቱ በተከታታይ ስለሚታሰሩ አንዱ ካቋረጠ ፓምፑ አይነሳም። በጀት ለአንድ ብቻ ከበቃ የታችኛውን ግዙ። ያለ ውሃ የሚሽከረከር ፓምፕ ሜካኒካል ሲሉን (ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የሚከለክለውን ማሸጊያ) ያቃጥላል፤ የሲሉ ዋጋ፣ የባለሙያው እጅና ፓምፑ እስኪጠገን የሚገዛው የቦቴ ውሃ ሲደመር የፍሎት ዋጋ አያስቆጭም።

ዋጋ ስታወዳድሩ የገመዱን ርዝመት አብራችሁ ጠይቁ። ባለ 2 ሜትሩ የሚረክሰው በገመዱ ማጠር ነው። ታንከር ውስጥ ገመድ አይቀጠልም፤ በቴፕ የተጠቀለለ መቀጠያ ውሃ ያስገባል። ገመዱ ውጭ ካለው ደረቅ ሳጥን መድረስ አለበት፤ ለብዙ ቤት 5 ሜትር ይበቃል። ከጣሪያ እስከ ፓምፑ የሚወርደውንም ሽቦ ሂሳብ ውስጥ አስገቡ፤ ፎቅ ቤት ላይ ከፍሎቱ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

ኮፒ የሚታወቀው በገመዱ ነው፤ ኦሪጅናሉ እንደ ጎማ በቀላሉ ይተጣጠፋል፣ ኮፒው ሲታጠፍ ይደርቃል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። ከመግጠማችሁ በፊት አንድ ሌሊት ባልዲ ውስጥ ድንጋይ አስራችሁ አስጥሙት፤ ጠዋት ከከበደ ወይም ውስጡ ውሃ ከተንቦጫረቀ መልሱት። የሽቦዎቹን ቀለም አትመኑ፤ ፍሎቱን በእጅ እያነሳችሁና እያወረዳችሁ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኩ። ላዩ ላይ 16(8) አምፔር ከተጻፈ ለሞተር የሚቆጠረው 8ቱ ነው። የ1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ በ220 ቮልት ወደ 6 አምፔር ቢወስድም ሲነሳ የዚያን ብዙ እጥፍ ይስባል። ያኔ ነው ደካማው ኮንታክት (ፍሎቱ ውስጥ መስመሩን የሚያገናኘው ብረት) የሚጣበቀው፤ ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰም ፓምፑ አይቆምም። መፍትሔው ኮንታክተር፣ ማለትም የፓምፑን ከባድ ጅረት ራሱ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ነው፤ ፍሎቱ ኮንታክተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ጥቅል ሽቦ (ኮይሉን) ብቻ ያዛል። ባለ 24 ቮልት ኮይልና ትንሽ ትራንስፎርመር ከመረጣችሁ ደግሞ የምትጠጡት ውሃ ውስጥ 220 ቮልት አይገባም። ይህን ወጪ አትቀንሱ።

ፍሎት ግን ስንት ሊትር እንደቀረ አይናገርም። ለዚያ ግማሽ ኢንች ግልጽ ቱቦ ይበቃል። ከሮቶው ግርጌ በቦል ቫልቭ (መዝጊያና መክፈቻ) ይነሳል፤ ቱቦው ሲበላሽ ታንከሩን ሳታፈሱ የምትቀይሩት በዚያ ነው። ጫፉ ሮቶው ሲሞላ ውሃ ከሚፈስበት ቀዳዳ በላይ ክፍት ይቁም፣ ወደ ታች ይታጠፍ፣ ወንፊት ይታሰርበት። ከመውጫው ቧንቧ ላይ ከቀጠላችሁት ቤት ውስጥ ውሃ ሲከፈት አሳንሶ ያሳያል። ፀሐይ አረንጓዴ ስለሚያደርገው የሚታይበትን ጎን ብቻ ትታችሁ ሸፍኑት። ከምድር ሆናችሁ እንድታነቡት ቀይ ኳስ ክተቱበት። ባለ 1,000 ሊትር ቀጥ ያለ ሮቶ ቁመቱ ለ10 ሲከፈል አንዱ ወደ 100 ሊትር ነው፤ የሚጠበው አናቱ ግን ከዚያ ያነሰ ይይዛል።

ባለ ዘንጉ መቆጣጠሪያ፣ ሦስት የብረት ዘንግ ውሃ ውስጥ የሚሰቀልበትና ውሃው በዘንጎቹ መካከል ኤሌክትሪክ ሲያስተላልፍ መኖሩን የሚያውቀው፣ የጉድጓድ ውሃ ላለው ቤት አይመከርም። ኖራው ዘንጉን ይሸፍነዋል፣ ውሃ እያለ የለም ይላል። ቀጥታ ጅረት (ዲሲ፣ እንደ ባትሪ ያለ) የሚልኩት ርካሾቹ ደግሞ ዘንጉን ራሱን ይበሉታል። 

ግፊት መለኪያም የሚሸጥላችሁ አይጠፋም። 1 ሜትር ውሃ የሚፈጥረው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ስለሆነ ባለ 10 ባሩ ቀስት ሲንቀሳቀስ እንኳ አታዩትም።

ስክሪን ያለው በድምፅ ሞገድ ይለካል። ከሴንሰሩ በታች ያለውን 20 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር አያይም፤ ስለዚህ ክዳኑ ላይ በአጭር ቧንቧ ከፍ ተደርጎ ካልተሰቀለ ሮቶው ሲሞላ ቁጥሩ ይዘላል። ክዳን ሥር የሚጤዘው ውሃም ያሳስተዋል። ዋይፋዩ በሶሌታ ሲያልፍ ይዳከማል፣ መብራት ሲጠፋ ስክሪኑም ይጠፋል። ቤቱን አከራይቶ ራቅ ብሎ ለሚኖር፣ ወይም ብዙ ሮቶ ለሚቆጣጠር ሰው ይጠቅም ይሆናል። ከገዛችሁትም ቁጥር ያሳያችሁ እንጂ ፓምፑን አታስረክቡት፤ ፍሎቶቹ ከነኮንታክተራቸው እንደተገጠሙ ይቆዩ።