ሌስን ማስተካከል፦ ለሁሉም በአንዴ ወይስ ለጊት ብቻ?

ደብረ ማርቆስ ወይ ባሕር ዳር ሶፍትዌር የምትማሩ ልጆች የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት ታሪኩን ለማየት «ጊት ሎግ» ብላችሁ ስትጽፉ ጽሑፉን ገጽ በገጽ የሚያሳያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሌስ የሚባለው ፕሮግራም ነው። መውጫው የኪው ቁልፍ ነው። (ይሄን ያልነገሩት ሰው ተርሚናሉን ዘግቶ ይገላገላል።)

ጠባዩን በሁለት መንገድ መቀየር ይቻላል። አንደኛው በባሽ (ትእዛዝ የምትጽፉበት ሼል) ማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ፣ በትልልቅ ፊደል «ሌስ» የሚባለውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች ሲነሡ የሚያነቡትን ቅንብር) መሙላት ነው። ሁለተኛው ጊት ጽሑፉን በየትኛው ፕሮግራም እንደሚያሳይ የሚወስነውን «ኮር ፔጀር» የሚባለውን የጊት ቅንብር ብቻ መንካት።

የመጀመሪያው ሌስን በቀጥታ ስትከፍቱም ይሠራል። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ቫሪያብሉ ከሌለ ጊት ራሱ ኤፍ፣ አር (ቀለም የሚያሳየው) እና ኤክስ የተባሉትን የሌስ አማራጮች ያስገባል። ካለ ግን ጭራሽ አይነካውም። ስለዚህ ፍለጋው ትልቅና ትንሽ ፊደል እንዳይለይ ብላችሁ ትንሿን አይ ብቻ ከጻፋችሁ የጊት ቀለም ይጠፋና በምትኩ ዝብርቅርቅ ምልክት ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አርን አብራችሁ ጻፉ።

በኮር ፔጀር ይህ ጣጣ የለም። «ሌስ» ብላችሁ ትልቁን ኤስ ብትጨምሩ ረጅም መስመር አይታጠፍም፣ ቀለሙም እንዳለ ይቆያል። አካውንት ለምትጋሩበት የላብ ኮምፒውተር ይሄኛው ይሻላል። ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ማድረግ ስለሚቻል የሌላውን ሰው ልማድ አያበላሽም።

በራሴ ላፕቶፕ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ምክንያቱም አማርኛ ነው። ሎካሉ (የሲስተሙ የቋንቋና የፊደል ቅንብር) በትክክል ካልተቀመጠ ሌስ የግዕዝ ፊደሉን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ባሉ ኮዶች ይተካዋል። «ሌስ ቻርሴት» የሚባለውን ቫሪያብል ዩቲኤፍ 8 ብሎ እዚያው ፋይል ውስጥ መጨመር በቂ ነው።