«የተበላሹትን ያሳዩኝ» ላለኝ የካሜራ ባለሙያ

የወፍ ፎቶ የምታነሱ፣ ካሜራ ልቀይር አልቀይር እያላችሁ የምትብሰለሰሉ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። አዲስ ልገዛ ጫፍ ደርሼ ያስጣለኝ አንድ የካሜራ ጥገና ባለሙያ ነው። እድሜና ጤና ይስጠው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሱሴ ወፍ ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ቤት መዋል ሲከብደኝ የሱን ካሜራ ይዤ ወጣሁ፣ በዚያው ቀረሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ የዋለ፣ ውስጡ መስታወት ያለው የድሮው ዓይነት ነው። ሌንሱ እስከ 400 ሚሊ ሜትር ይስባል። ችግሩ ፎቶዎቼ ጥርት አይሉም። ድንቢጧ ፊት ለፊቴ ቆማ እያየችኝ አይኗ ጭጋግ ይሆናል።

ያልሄድኩበት ሱቅ የለም። አንዱ ካሜራው ገና ከቦርሳው ሲወጣ አይቶ «ይሄማ የሙዚየም ዕቃ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ሌላው አዲስ ግዢ እያለ ሲወተውተኝ ቆየና እምቢ ስለው ሌንሱ ላይ «መከላከያ» ነው ብሎ አንድ ፊልተር ሽጦልኝ ሸኘኝ። እጅሽ ይንቀጠቀጣል ያለኝም አለ። እድሜዬን አይቶ መሆኑ ነው! በሦስት እግር ማቆሚያ (ትራይፖድ) ላይ ነው የማነሳው ብለው ማን ሊሰማኝ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን አንዳቸውም ፎቶዎቼን እስቲ ልያቸው አለማለታቸው ነው።

ይሄ የጥገና ባለሙያ ልጅ ግን መጀመሪያ ያለኝ «እማማ፣ የሚወዷቸውን ሳይሆን የተበላሹትን ያሳዩኝ» ነው። ደግነቱ አላጠፋኋቸውም። ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ አጎላቸው። አይኗ የደበዘዘውን ድንቢጥ ትቶ ወደ ጅራቷ ሄደ። ጅራቷ ላባ በላባ ይቆጠራል! ሌላ ከፈተ፣ ያው ነው። «እጅዎ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ቦታ ነበር የሚደበዝዘው። ካሜራውና ሌንሱ አልተግባቡም፣ ፎከሱ ከአይኗ ኋላ ነው የሚያርፈው» አለኝ።

ከዚያ ጋዜጣ አቆመ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አጋደመ፣ እያነሳ ሜኑ ውስጥ ቁጥር ሲጨምርና ሲቀንስ ቆየ። ምን እንዳደረገ አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። ያንን «መከላከያ» ፈትቶም ያለሱ አነሳ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ሲያደርጋቸው እኔም በአይኔ ለየሁት።

እሱ ራሱ ካሜራ ይሸጣል እኮ! አዲሶቹ ከኋላው መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። አልደበቀኝም፣ አንዱን አውርዶ አስያዘኝ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ እንደ ካኖን አር5 ያሉት መስታወት አልባ ካሜራዎች የወፍ አይን ለይተው እንደሚከተሉም ነገረኝ። «የሚበር ጭልፊት የሚያሳድዱ ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቆማ የምትለቅም ወፍ ከሆነ ግን ይሄ ገና ያገለግልዎታል። ልግዛ ካሉም አስቀድመው ተከራይተው ይሞክሩት» አለኝ። ለሚበር ወፍ የሻተር ፍጥነቱ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/2000 ሰከንድ ይሁን ብሎ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ያስከፈለኝ የሰራበትን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የካሜራው ማንገቻ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። ልቀይርልዎት ሲለኝ ቋጠሮውን ባለቤቴ ነው ያሰረው አልኩት። ምንም አላለም። መርፌና ክር አውጥቶ ቋጠሮውን ሳይነካ የተበላውን ጫፍ ሰፋልኝ። እኔ ቆሜ አለቀስኩ። ለዚህማ አላስከፈለኝም።

አሁን የድንቢጦቼ አይን ጥርት ብሏል። እባካችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሂዱለት። እንዲህ ያለ ሰው ስራ ሊያጣ አይገባም። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ብቻውን ስለሚሰራ ቀጠሮ ያዙ። የተበላሹ ፎቶዎቻችሁንም ሳታጠፉ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው።