ማስጠንቀቂያ፦ «ከዋናው ቴፕ» እየተባሉ ስለሚሸጡ ዳግም ኅትመት ሸክላዎች

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው የቆዩ ሸክላዎችን ለምትሰበስቡ፣ በተለይም በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የወጡ የኢትዮጵያ፣ የሳይኬደሊክና የፎክ ሙዚቃ ዳግም ኅትመቶችን ለምትገዙ ወገኖች ነው (ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። «ከዋናው ማስተር ቴፕ፣ 180 ግራም፣ ቁጥሩ የተወሰነ ኅትመት» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎባቸው በውድ ዋጋ ከሚቀርቡት ሸክላዎች መካከል አንዳንዶቹ ዘፈኑ መጀመሪያ የተቀዳበትን ዋናውን ቴፕ በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች ከሲዲ፣ ከአሮጌ ሸክላ ወይም ከኢንተርኔት ካወረዱት ፋይል ገልብጠው፣ ዘፋኙንም አሳታሚውንም ሳያስፈቅዱ ያሳተሟቸው ናቸው።

በቅርቡ ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ በ55 ዩሮ የገዛሁት የ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዳግም ኅትመት ከእነዚህ አንዱ ነበር። ሽፋኑ ላይ የአሳታሚ አድራሻ የለም፤ ፈቃዱን ማን እንደሰጠ የሚገልጽ አንድም መስመር የለም፤ ድምፁ ደግሞ ቤቴ ካለው የቆየ ሲዲ ጋር ከዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ጀምሮ እያንዳንዱ ዘፈን እስከሚከስምበት ቅጽበት ድረስ አንድ ነው። ሻጩን ፈቃዱ ከማን እንደተገኘ በጽሑፍ ስጠይቀው «ቤተሰቡ ያውቃል» አለኝ። የትኛው የቤተሰብ አባል፣ በምን ውል ብዬ ስደግም ግን መልስ መስጠቱን አቆመ፤ ገንዘቤን እንዲመልስ ስጠይቅም ማሸጊያው አንዴ ስለተከፈተ አይመለስም አለኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ተከፍቶ ሲደመጥ ነውና፣ ይህ የመመለሻ ደንብ ገዢውን ምንም መከላከያ እንዳይኖረው ያደርገዋል።

ማታለሉ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ በተለየ ሁኔታ የሚመቸው በሸክላዎቹ ታሪክ ምክንያት ነው። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት በአገር ፍቅር ማኅበር እጅ ብቻ በነበረበት ዘመን ደፍሮ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከጀመረና ካይፋ ሪከርድስም ከተከተለው በኋላ፣ ሸክላው ቦታውን ለካሴት እስኪለቅ ድረስ የቆየው ዘመን ዐሥር ዓመት ገደማ ብቻ ነው። የታተመው ጥቂት፣ ከዚያም ውስጥ ሳይሰበርና ሳይጫር የተረፈው ከጥቂትም ጥቂት ነው። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳዩ አሳታሚ በቡዳ ሙዚክ በኩል ያወጣው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ ከአምሃ፣ ከካይፋና ከፊሊፕስ ኢትዮጵያ ኅትመቶች የተመረጡትን ሥራዎች ለዓለም አዳረሰ፤ ሸክላ እንደገና ተፈላጊ በሆነበት በዛሬው ጊዜ ደግሞ እነዚያው ሲዲዎች ለገልባጮች የተዘጋጀ ምንጭ ሆነዋል። ዋናው ቅጂ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ሲሸጥ ያየ ገዢ በ50 ወይም በ60 ዩሮ የቀረበለትን እንደ ርካሽ ይቆጥረዋል፤ የተገለበጠ ሲዲ ግን በሸክላ ላይ ስለታተመ ብቻ ያን ዋጋ አያወጣም።

በቅድሚያ «180 ግራም» የሚለውን ቃል ከሚዛናችሁ አውጡት። የሸክላው ክብደት ስለ ድምፁ ምንጭ የሚናገረው ነገር የለም፤ የተለመደው ሸክላ ከ120 እስከ 140 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ በጥሩ ቴፕ ላይ ተመሥርቶ በጥንቃቄ ከተቀረጸም ከማንኛውም ከባድ ሸክላ አያንስም። «300 ቅጂ ብቻ» የሚለውም ቢሆን ያለፈቃድ ለሚያትም ሰው ጠቀሜታው ሌላ ነው፤ በጥቂቱ አትሞ፣ ቶሎ ሸጦ፣ ባለመብቱ ሳይሰማ ለመጥፋት ይረዳዋል።

ጆሮ ብዙ ያጋልጣል። ዘፈኑ ሲጀምር የአሮጌ ሸክላ መንጫጫት አብሮ ከጀመረ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ አብሮ ከጠፋና በሁለቱ ዘፈኖች መካከል ያለው ክፍተት ፍጹም ጸጥ ካለ፣ ምንጩ ሌላ ሸክላ እንጂ ቴፕ አይደለም፤ የራሱ የአዲሱ ሸክላ ጫጫታ ቢሆን ኖሮ በክፍተቱም ይሰማ ነበር። ከዚህ የረቀቀ ሌላም ምልክት አለ። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞር ሸክላ የራሱ ጭረት ካለው «ጠቅ» የሚለው ድምፅ በየ1.8 ሴኮንዱ ይመለሳል፤ በደቂቃ 45 ጊዜ በሚዞር ትንሽ ሸክላ ላይ ያለ ጭረት ግን በየ1.33 ሴኮንዱ ይመለሳል። ስለዚህ በአዲሱ ትልቅ ሸክላችሁ ላይ ያለው ድምፅ በፍጥነት እየተደጋገመ በየ1.33 ሴኮንዱ የሚመጣ ከሆነ፣ የምትሰሙት አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ከባለሁለት ዘፈኑ ትንሽ ሸክላ የቀዳውን ነው። የፋይል ግልባጭ ደግሞ በጸናጽሉና በማሲንቆው ላይ ይታወቃል፤ ድምፁ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይዋልላል። መጠራጠራችሁን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ቀድታችሁ ኦዳሲቲ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የድምፁን ሥዕል (ስፔክትሮግራም) ተመልከቱ፤ ከ16 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ሁሉ በማስመሪያ እንደተቆረጠ ባዶ ሆኖ ከታየ ምንጩ በጣም የታመቀ ኤምፒስሪ ፋይል መሆኑ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም በቴፕ ላይ ያለ ድምፅ ቀስ በቀስ ይሳሳል እንጂ በአንድ መስመር ላይ አይቋረጥም።

ሽፋኑም ይመረመር። ከአሮጌ ሽፋን ላይ በስካነር የተነሣ ሥዕል ጠርዙ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም በዋናው ሽፋን ላይ የነበረው የሸክላው ክብ ጠባሳ ሳይቀር አብሮ ታትሞ ይገኛል። የአማርኛ ጽሑፉን አንባቢ የሆንን እኛ ከማንም ይልቅ ልንመረምረው ይገባል፤ ፊደሉ ከተሰባበረ፣ የዘፋኙ ስም ከተሳሳተ ወይም የዜማውና የግጥሙ ባለቤት ስም ጨርሶ ከተተወ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ እንዳልደረሰ ግልጽ ነው። በሕጋዊ ኅትመት ላይ አብዛኛውን ጊዜ በክብ ውስጥ የተቀመጠው የፒ ፊደል (የድምፅ ቅጂ መብት ምልክት) ከዓመትና ከባለመብቱ ስም ጋር ይገኛል፤ ፈቃድ የሰጠው አካል ይጠቀሳል፤ በሸክላው መሐል፣ ዘፈኑ አልቆ መርፌው በሚዞርበት ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረው ቁጥርም ዲስኮግስ በተባለው የሸክላዎች መዝገብና መገበያያ ድረ ገጽ ላይ ከተመዘገበው ጋር ሊመሳከር ይችላል። ዲስኮግስ ያለፈቃድ የታተሙትን መዝግቦ ያሳያል እንጂ በገበያው እንዲሸጡ አይፈቅድም፤ በመሆኑም አንድ ሸክላ በመዝገቡ ላይ እያለ መሸጫው የታገደ ከሆነ ያን ማየት ብቻውን ብዙ ይነግራችኋል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በፍትሐዊነት መናገር አለብኝ። ከሸክላ ወይም ከሌላ ቅጂ የተቀዳ ኅትመት ሁሉ ማጭበርበሪያ አይደለም፤ ቴፑ የጠፋበት ሥራ ብዙ ነው። የአሜሪካዊቷ የፎክ ዘፋኝ የሊንዳ ፐርሃክስ የ1970 አልበም በ1998 በሲዲ ሲመለስ የተቀዳው ከሸክላ ነበር፣ የተሻለ ድምፅ የተገኘው በኋላ ዘፋኟ ራሷ ያስቀመጠችው ቴፕ ሲመጣ ነው። ልዩነቱ ያለው በመናገሩ ላይ ነው፤ ሐቀኛ አሳታሚ «ቴፑ ስላልተገኘ ከሸክላ ቀድተን አጽድተነዋል» ብሎ ሽፋኑ ላይ ይጽፋል፣ ገዢውም አውቆ ይከፍላል። መልካም ኅትመት ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፦ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒው ዮርክ ላይ ያሳተመው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2017 በስትራት በኩል፣ የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ የ1977 ሥራ ደግሞ በ2014 በኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በኩል በስም በሚታወቅ አሳታሚ፣ ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው ባለበት ሁኔታ ተመልሰው ወጥተዋል።

ሻጮች የሚያነሡት ዋና መከላከያ «ሙዚቃው አሮጌ ስለሆነ ባለቤት የለውም» የሚል ነው፤ ይህ ስሕተት ነው። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ የአውሮፓ ኅብረት የድምፅ ቅጂ ጥበቃን በ2011 ከ50 ወደ 70 ዓመት ከፍ አድርጎታል። ከእነዚያ ሸክላዎች ባለሙያዎች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ያረፉትም ወራሾች አሏቸው። በዚህ ጉዳይ የሚደርሰው በደል ምን ያህል እንደሆነ የዲትሮይቱን ዘፋኝ የሮድሪጌዝን ታሪክ የሚያውቅ ይረዳዋል፤ የ1970 አልበሙ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እጅግ ሲሸጥ እሱ ግን በአሜሪካ በጉልበት ሥራ ይተዳደር ነበር፣ ዝነኛ መሆኑን እንኳ ያወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የሸክላ ፍቅር አለን የምንል ሰዎች ገንዘባችን ሙዚቃውን በሠራው ሰው ደጃፍ ሳያልፍ እንዲቀር መፍቀድ የለብንም ብዬ አምናለሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ለሻጩ ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡለት፦ ድምፁ የተቀዳው ከምንድን ነው፣ ፈቃዱንስ የሰጠው ማን ነው? የመሐሉን ቀለበትና የሽፋኑን ጀርባ ፎቶግራፍም ጠይቁት። ፔይፓል በተባለው የኢንተርኔት መክፈያ ስትከፍሉ «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው መንገድ እንዳትልኩ፤ በዚያ የተላከ ገንዘብ የገዢ ጥበቃ የለውም፣ ክፍያ ለመቀነስ ብሎ ይህን የሚጠይቃችሁ ሻጭ የእናንተን መብት ነው የሚቀንሰው። በዕቃ ግዢ መንገድ ከከፈላችሁ ግን ቅሬታ ለማቅረብ 180 ቀን አላችሁ፤ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን «ከዋናው ማስተር ቴፕ» የሚለውን ቃል ከመጥፋቱ በፊት በፎቶ አስቀሩት፣ ቅሬታችሁንም «ዕቃው እንደተገለጸው አይደለም» በሚለው ሥር አቅርቡ። እኔም ገንዘቤን ለማስመለስ ያመለከትኩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከሻጩ ጋር የተጻጻፍኩትን፣ የሁለቱን ድምፆች ንጽጽርና የሽፋኑን ፎቶግራፍ አያይዤ ልኬያለሁ።