ሁለቱ ነፃ የጂማት ሞዴል ፈተናዎች ሲመዘኑ

ጂማት በቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ለድኅረ ምረቃ፣ በተለይ ለኤምቢኤ፣ መግቢያ የሚወሰድ ፈተና ነው። አዘጋጁ ጂኤምኤሲ በድረ ገጹ ኤምቢኤ ዶት ኮም ላይ በነፃ የለቀቃቸውን ሁለት ሞዴል ፈተናዎች ለመውሰድ አካውንት ከመክፈት ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም። ጂማት ለመፈተን ላሰበ ሰው ከእነዚህ የተሻለ መለኪያ አናውቅም። ችግሩ ብዙ ተፈታኞች እንደ ተራ የጥያቄ ክምችት ይጠቀሙባቸዋል፤ በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ይጨርሱና አቅማቸውን በትክክል ማወቅ በሚያስፈልጋቸው ሰዓት ያላዩት ሞዴል አይተርፋቸውም።

ብልጫቸው ከአሠራራቸው ይመጣል። ጂማት ለሁሉም አንድ ወረቀት አያድልም። ተፈታኙ በትክክል ሲመልስ ቀጣዮቹ ጥያቄዎች ይከብዳሉ፣ ሲስት ይቀልላሉ፤ ውጤቱም የተመለሱትን ብዛት ብቻ ሳይሆን ክብደታቸውንም ይቆጥራል። ሞዴሎቹ የሚሠሩት በዚሁ ስልት ነው፤ በወረቀት የታተመ ሞዴል ደግሞ ይህን ማስመሰል አይችልም። ስለዚህ ከሌላ ምንጭ በተገኘ ወረቀት ላይ ከ21 ጥያቄ 15 መመለስ በጂማት ስንት እንደሚያስገኝ ምንም አይነግርም።

ቅርጹም ከዋናው ጋር አንድ ነው፤ ሦስት ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ። ኳንት (ሒሳብ) 21፣ ቨርባል (ንባብና ክርክር መመርመር) 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ (መረጃ ትንተና) 20 ጥያቄ፣ በድምሩ 64 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። የየክፍሉ ውጤት ከ60 እስከ 90፣ አጠቃላዩ ከ205 እስከ 805 ሲሆን ሦስቱም ክፍሎች እኩል ክብደት አላቸው። ጥያቄ ዘሎ ማለፍ አይቻልም፤ በክፍሉ መጨረሻ ጊዜ ከተረፈ ግን እስከ 3 መልስ መቀየር ይፈቀዳል። ይህ ቅርጽ የመጣው በ2023 መጨረሻ ነው፤ የቀድሞው በጥር 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቆሟል። አሁንም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ አሮጌ መለማመጃዎች የጽሑፍ ድርሰት፣ የዓረፍተ ነገር እርማትና ጂኦሜትሪ አሉባቸው፤ ሦስቱም ከፈተናው ስለወጡ በእነሱ ላይ የሚጠፋ ሰዓት ከንቱ ነው።

ኳንት ላይ ካልኩሌተር የለም፤ የሚፈቀደው በዳታ ኢንሳይትስ ብቻ ነው። ይህ የሚያስደነግጣቸው አሉ፤ ነገር ግን ጥያቄዎቹ ረጅም ስሌት እንዲጠይቁ ሆነው አልተጻፉም። ባለብዙ አኃዝ ማባዛት ውስጥ ከገባችሁ መንገድ ስታችኋል ማለት ነው። የ480 17.5 በመቶ ሲጠየቅ 10 በመቶው 48፣ 5 በመቶው 24፣ 2.5 በመቶው 12 ነው፤ ድምሩ 84። የ7 ኃይል 23 የመጨረሻ አኃዝ ሲጠየቅ የሰባት ኃይሎች በ7፣ 9፣ 3፣ 1 እየዞሩ ያልቃሉ፤ 23 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ስለሆነ መልሱ ሦስተኛው፣ 3 ነው። ሞዴሉ ላይ በብዛት ነጥብ የሚያስጥለው ግን የስሌት ፍጥነት ሳይሆን ልማድ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሄዶ በዚያው መንገድ በ60 የተመለሰ ሰው አማካይ ፍጥነቱ 50 ይመስላል። ርቀቱን 120 ኪሎ ሜትር አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ሲሄድ 3 ሰዓት፣ ሲመለስ 2፣ በጠቅላላው 240 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት፣ ማለትም 48። በዝግታ የተጓዘበት ጊዜ ስለሚረዝም አማካዩ ወደ ዝግታው ያጋድላል። በ25 በመቶ ጨምሮ በ20 በመቶ የቀነሰ ዋጋም 5 በመቶ ትርፍ አይተውም፤ 1.25 በ0.8 ሲባዛ 1 ነው፣ ከተነሳበት ይመለሳል።

ሎጂክና ስሌት ፊት ለፊት የሚገናኙት በዳታ ኢንሳይትስ ውስጥ ዳታ ሳፊሸንሲ (የመረጃ በቂነት) በሚባለው የጥያቄ ዓይነት ነው፤ ሞዴሎቹም በዚህ ረገድ እጅግ ጠቃሚ ናቸው። አንድ ጥያቄና ሁለት መረጃ ይሰጣል፤ ሥራው መልሱን ማውጣት ሳይሆን መረጃው መልሱን ለመለየት ይበቃል ወይስ አይበቃም ብሎ መወሰን ነው። ምርጫዎቹ ሁልጊዜ አምስት ናቸው፤ የመጀመሪያው ብቻ ይበቃል፣ ሁለተኛው ብቻ ይበቃል፣ በአንድነት ብቻ ይበቃሉ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ይበቃል፣ ሁለቱም ተደምረው አይበቁም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ እንውሰድ፤ ሙሉ ቁጥር ነ ለ24 ያለቀሪ ይካፈላል? አንደኛ፣ ነ ለ4 ያለቀሪ ይካፈላል። ሁለተኛ፣ ነ ለ6 ያለቀሪ ይካፈላል። ብዙ ሰው 4 በ6 አባዝቶ 24 ያገኝና በአንድነት ይበቃሉ ይላል። ሆኖም የ4 እና የ6 ትንሹ የጋራ ብዜት 12 ነው። 12 ሁለቱንም መረጃ ያሟላል፣ ለ24 ግን አይካፈልም፤ 24ም ሁለቱንም ያሟላል፣ ይካፈላል። አንዴ አዎ አንዴ አይደለም ስለሚያስብል መረጃው አይበቃም፣ መልሱ አምስተኛው ምርጫ ነው። ጥያቄው ስለ 12 ቢሆን ኖሮ በአንድነት ይበቁ ነበር። ከዚህ የሚወጣው አሠራር ቀላል ነው። መጀመሪያ ሁለተኛውን መረጃ በእጅ ሸፍኑና አንደኛውን ብቻ ይዛችሁ አንድ «አዎ» እና አንድ «አይደለም» የሚሰጥ ቁጥር ፈልጉ፤ ሁለቱም ከተገኙ አይበቃም። ከዚያ በሁለተኛው ላይ ያንኑ ድገሙ፤ ሁለቱን ማዋሃድ የሚመጣው ለየብቻ ካልበቁ በኋላ ነው። ዜሮን፣ አሉታዊ ቁጥርንና ክፍልፋይን መሞከር አትርሱ። አንድ ሌላ ወጥመድም አለ፤ እርግጠኛ የሆነ «አይደለም» በቂ መልስ ነው። ነ ጎዶሎ ነው ወይ ተብሎ ነ ለ4 ይካፈላል የሚል መረጃ ቢሰጥ፣ መልሱ ሁልጊዜ አይደለም ስለሆነ መረጃው ይበቃል።

በቨርባል ውስጥ ክሪቲካል ሪዝኒንግም፣ ማለትም አንድን ክርክር የሚያስመረምረው የጥያቄ ዓይነት፣ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ድርጅት ሠራተኞቹን አሠልጥኖ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት የደንበኞች ቅሬታ በ30 በመቶ ቀነሰ፤ ስለዚህ አገልግሎቱ ተሻሽሏል የሚል ክርክር ቢቀርብ፣ ያልተነገረው ግምት የደንበኞቹ ብዛት በእጅጉ አልቀነሰም የሚለው ነው። ይህን ለማረጋገጥ ግምቱን ገልብጡት። ደንበኞቹ ከ1,000 ወደ 600፣ ቅሬታው ከ100 ወደ 70 ወርዶ ቢሆንስ? የቅሬታው ምጣኔ ከ10 በመቶ ወደ 11.7 በመቶ ገደማ ወጥቷል፤ ክርክሩ ይፈርሳል። ሲገለበጥ ክርክሩን የሚያፈርስ ምርጫ እሱ ነው የሚፈለገው ግምት። እውነት የሆነ ግን ሲገለበጥ ምንም የማይነካ ምርጫ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ይጣላል።

የሰዓት አያያዝን በሞዴሎቹ እንጂ በሌላ በደንብ መለማመድ አይቻልም። ኳንት ላይ 7 ጥያቄ ሲያልቅ ቀሪው ሰዓት 30 ደቂቃ፣ 14 ሲያልቅ 15 ደቂቃ መሆን አለበት። ከዚህ በሦስት ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረ ሰው አንድ ከባድ ጥያቄ ገምቶ ማለፍ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም ያልተነካ ጥያቄ ትቶ መውጣት ውጤት ይቀንሳል።

ጉድለታቸው ከሞዴሉ በኋላ ይታያል። ውጤቱ የት እንዳላችሁ ይነግራል፤ ለምን እንደሳታችሁ የምታውቁት ግን ራሳችሁ ስትመዘግቡ ነው። የተሳተውን ጥያቄ ሁሉ፣ በግምት የተገኘውንም ጭምር፣ ከአራት በአንዱ መድቡት፤ ሕጉን አላወቅሁም፣ ጥያቄውን አሳስቼ አነበብኩ፣ ስሌት ሳትኩ፣ ሰዓት አጠረኝ። አራቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት የላቸውም። አሳስቶ የሚያነብ ሰው መቶ የመቶኛ ጥያቄ ቢሠራ አይሻሻልም፤ የተጠየቀውን በራሱ ቃል ጽፎ መጀመር ነው ያለበት። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ጥያቄ መፍትሔውን ሳታዩ ድገሙት።

ሞዴሎቹን በድጋሚ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን ቀድሞ የታየ ጥያቄ ሊመለስ ስለሚችል የድጋሚው ውጤት ያብጣል፤ ለሰዓት ልምምድ ካልሆነ አትመኑት። ስልክ አጠገብ አስቀምጦ፣ መሐል ላይ ተነሥቶ ቡና አፍልቶ የተወሰደ ሞዴልም እንዲሁ።

የመጀመሪያውን ጥናት ስትጀምሩ ውሰዱ፤ ሁለተኛውን ከዋናው ቀን ሁለት ሳምንት በፊት፣ ቀጠሮ በያዛችሁበት የቀን ሰዓት፣ በመረጣችሁት የክፍሎች ቅደም ተከተል፣ በማርከርና በተለበጠ ሰሌዳ። በመካከል መለኪያ የሚያስፈልገው ሰው ከዚያው ድረ ገጽ ተጨማሪ ሞዴል መግዛት ይችላል፤ ከሁለት ወር ያነሰ ለሚያጠና ግን ሁለቱ ይበቃሉ ብለን እናምናለን።