የራሳችሁ ራውተር እያላችሁ ዋይፋዩ ለሚንቀራፈፍባችሁ የጅማ ነዋሪዎች፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው በጅማ መርካቶ አካባቢ አነስተኛ የሞባይልና የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ያለውን አንድ ወጣት ባለሙያ ከልብ ለማመስገን፣ እንዲሁም በቤቱ የራሱን ራውተር ከአገልግሎት ሰጪው ሞደም ጋር አያይዞ እየተጠቀመ በዋይፋይ መንቀራፈፍ የተማረረ ሰው ካለ ወደዚህ ባለሙያ እንዲሄድ ለመጠቆም ነው። ስሙና ስልኩ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገ እዚህ አላሰፍረውም፤ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ ፈቃዱን ጠይቄ አገናኛለሁ።

የምንኖረው ጊንጆ ነው። በግቢያችን ከመንገዱ በኩል ዋናው ቤት፣ ከጓሮ ደግሞ ሰርቪስ ቤት አለ። የአገልግሎት ሰጪው ሞደም የተገጠመው ዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ሲሆን፣ እኔ የሂሳብ ሥራዬን የምሠራበትና ልጄ የምታጠናበት ክፍል ሰርቪሱ ላይ በመሆኑ፣ ከሞደሙ ወደዚያ ረጅም ገመድ ተስቦ በራሳችን ራውተር ዋይፋይ እንጠቀማለን። በየወሩ የምንከፍለው ለ20 ሜጋ ነው። ይሁን እንጂ ሰርቪሱ ውስጥ አንድ የቪዲዮ ስብሰባ ሳይቆራረጥ ማጠናቀቅ አልተቻለም፤ ለደንበኛ የምልከው ሰነድ መሀል ላይ ይቆማል፤ ልጄም የትምህርት ቪዲዮዎቿን የምታወርደው ሰው ሁሉ ተኝቶ ኔትወርኩ ጋብ ሲል ነበር። ያማከርናቸው ሰዎች በሙሉ የሰጡን ምክር ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ራውተሩ ስላረጀ አዲስ ግዙ፣ ወይ ጥቅሉን ወደ ከፍተኛ ቀይሩ። ማንም ግን መሣሪያ ይዞ መጥቶ የለካልን አልነበረም።

ይህ ወጣት የመጣው ላፕቶፑን፣ አንድ አጭር ገመድና የገመድ መፈተሻ ቴስተር ይዞ ነው። ገና እንደገባ ራውተሩ ቢቀየር ይሻል እንደሆነ ብጠይቀው፣ “እትዬ፣ ፍጥነቱ የት ላይ እንደሚጠፋ ሳናውቅ ምንም ነገር አይግዙ” ብሎ መለሰልኝ። ከዚያም ስልኮቻችንንና ቴሌቪዥኑን ከዋይፋይ አስወጥቶ፣ ላፕቶፑን በአጭሩ ገመድ በቀጥታ ከሞደሙ ጋር አገናኝቶ ለካ፤ ውጤቱ 20 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። ከአገልግሎት ሰጪው የሚመጣው መስመር ምንም እንከን እንደሌለበት በዚህ ታወቀ። ቀጥሎ ወደ ሰርቪሱ ሄዶ የረጅሙን ገመድ ጫፍ ከራውተራችን ነቅሎ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካው። ውጤቱ ወደ 6 ወረደ። ራውተሩ በዚህ ልኬት ውስጥ ጨርሶ ስላልነበረ፣ አብዛኛው ፍጥነት የሚጠፋው ዋይፋዩ ጋ ሳይደርስ ገመዱ ላይ መሆኑን ሁላችንም በዓይናችን አየን። ሰው ሁሉ የፈረደበት ራውተር ነፃ የወጣው በዚህች በአንዲት እርምጃ ነው።

ገመዱን የመረመረበትን መንገድ በዝርዝር መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ግቢዎች ውስጥ ይኸው ስህተት ሳይታወቅ እንደሚኖር አምናለሁ። ቴስተሩን በሁለቱ ጫፎች ሲሰካው ስምንቱም መብራቶች በየተራ በሩ። እኔ ይህን አይቼ ገመዱ ጤነኛ ነው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን በዚያ አልረካም። ጫፉ ላይ ያለውን መስታወት የመሰለ ፕላስቲክ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ የሽቦዎቹን ቀለም አንድ በአንድ ካነበበ በኋላ፣ ልጄን ጠርቶ አሳያት። በገመዱ ውስጥ ያሉት ስምንት ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙት በከንቱ አይደለም፤ አብረው የሚሠሩ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ሲጠማዘዙ ከውጭ የሚመጣውንም ከጎረቤት ሽቦ የሚያልፈውንም ረብሻ ያጠፋሉ። ገመዱ በሰከንድ እስከ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፍበት ግንኙነት ሥራውን የሚሠሩት በ1ኛና በ2ኛ፣ እንዲሁም በ3ኛና በ6ኛ ቦታ ላይ ያሉት ሽቦዎች ስለሆኑ፣ 3ኛውና 6ኛው የግድ የአንድ ጥንድ ልጆች መሆን አለባቸው። ቀደም ሲል ገመዱን የገጠመልን ሰው ግን ጥንዶቹን ለዓይን በሚያምር ቅደም ተከተል፣ ማለትም ብርቱካናማውን ከነጓደኛው፣ አረንጓዴውን ከነጓደኛው፣ ሰማያዊውን ከነጓደኛው እያለ ጎን ለጎን ደርድሯቸዋል። በዚህ የተነሳ 3ኛው ከአረንጓዴው ጥንድ፣ 6ኛው ደግሞ ከሰማያዊው ጥንድ ሆኑ፤ የማይተዋወቁ ሽቦዎች አንድ ሥራ ተሰጣቸው። መረጃው በመንገድ ላይ ይበላሻል፣ የተበላሸው እንደገና ይላካል፣ እንደገና የተላከውም ጊዜ ይበላል። ቴስተሩ ይህን ሊያይ የማይችለው እያንዳንዱ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ብቻ ስለሚፈትሽ ነው፤ ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አይመረምርም። በአጭር ገመድ ላይ ስህተቱ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል፤ እንደኛ ቤት ግቢ አቋርጦ በሚሄድ ገመድ ላይ ግን ጉልህ ሆኖ ይታያል።

ሁለቱንም ጫፎች ቆርጦ በትክክለኛው ቅደም ተከተል መለሳቸው፦ ነጭና ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭና አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ቡናማ፣ ቡናማ። ጥምዝምዙንም ከሚገባው በላይ ሳይፈታ እስከ ፕላስቲኩ አፍ ድረስ አስጠግቶ ነው የጨመቀው። እንደገና ሲለካ ሰርቪሱ ላይ ያለው ውጤት ከሞደሙ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ልጄ በደስታ አጨበጨበች፤ እኔም በዚያ ሰዓት እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ።

ሥራው በዚህ አላበቃም። ራውተሩን መልሶ ከሰካው በኋላ በዋይፋይ ሲለካ አሁንም ከገመዱ ያነሰ ስለነበር ወደ ሴቲንጉ መግባት አስፈለገ። ፓስወርዱን ራሴ እንድጽፍ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙሮ ፊቱን ወደ በሩ መለሰ። ሌላ ሰው ይህን ትንሽ ነገር ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን የደንበኞቼን የሂሳብ ሰነድ በቤቴ የማስቀምጥ ሰው በመሆኔ ለዚህ ጨዋነቱ ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ።

በስልኩ መተግበሪያ የአካባቢውን ዋይፋይ ሁሉ ሲያሳየን፣ የእኛው ሞደምና የእኛው ራውተር ሳይቀሩ የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ 2.4 ጊጋኸርዝ በተባለው የዋይፋይ ሞገድ መሀለኛ ቻናሎች (ሞገዱ የተከፈለባቸው መስመሮች) ላይ ተደራርቦ ነበር። በዚህ ሞገድ ላይ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 የተባሉት ቻናሎች ብቻ መሆናቸውን ነግሮን፣ ሞደሙን በ1፣ ራውተሩን በ11 ላይ አደረጋቸው፤ የቻናሉን ስፋትም ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ አወረደው። ስፋቱን መቀነስ ፍጥነት የሚጨምር መሆኑ መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን በተጨናነቀ ሰፈር ውስጥ ሰፊ ቻናል ማለት ከብዙ ሰው ጋር መጋጨት ማለት እንደሆነ ልኬቱ ራሱ አስረዳኝ። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝም ስላለው፣ እዚያው ክፍል ውስጥ የሚውሉትን ላፕቶፖች ወደዚያ አዛወራቸው፤ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ የመሻገር አቅሙ ስለሚያንስ ግቢ ውስጥ ለሚንቀሳቀሱት ስልኮች 2.4ቱን ተወላቸው።

በተጨማሪም የዋይፋዩ ጥበቃ ቲኬአይፒ በተባለው አሮጌ የምስጠራ ዘዴ ላይ ተቀምጦ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጸደቀው የዋይፋይ ደረጃ ጀምሮ ያሉ መሣሪያዎች በዚህ ዘዴ ሲገናኙ ፍጥነታቸው ከ54 ሜጋቢት እንዳያልፍ ስለሚገደብ፣ ከግድግዳና ከርቀት የሚመጣው ብክነት ሲታከልበት በተግባር የሚደርሰን ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ከዚያ ወደሚሻሉት የጥበቃ ዘዴዎች፣ ወደ ደብሊውፒኤ2 እና ኤኢኤስ ለወጠው፤ ይህ ለደህንነትም የተሻለ ነው። ራውተሩንም ከብረት መደርደሪያው ጀርባ አንስቶ ከፍ ባለ የእንጨት መደርደሪያ ላይ አኖረው፤ በፊት የነበረበት ቦታ ከግድግዳው ማዶ የውሃ ሮቶ ስላለ ብረቱም ውሃውም ሞገዱን ይዘውብን ኖሯል።

በእኔ ዘንድ ከሁሉ በላይ ያስከበረው ግን ሐቀኝነቱ ነው። ሞደሙም ራውተሩም ሁለቱም ለመሣሪያዎች የኔትወርክ አድራሻ የሚያድሉ በመሆናቸው ቤቱ በሁለት ኔትወርክ ተከፍሎ፣ በሰርቪሱ ያለው ላፕቶፔ ዋናው ቤት ያለውን ፕሪንተር ማግኘት አቅቶት ነበር። ራውተሩን ወደ አክሰስ ፖይንት አሠራር (አድራሻ ማደሉን ለሞደሙ ትቶ ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሰራጭበት) ቀይሮ፣ ገመዱንም ላን ወደተባለው የራውተሩ ቀዳዳ አዛውሮ ፕሪንተሩ እንዲታይ አደረገ። ይህን ሲያደርግ ግን ለውጡ ፍጥነት እንደማይጨምር፣ የሚጠቅመን ለፕሪንተሩ ብቻ እንደሆነ ሳንጠይቀው ነገረን። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ለዚህች ሥራ ለብቻዋ ሊያስከፍለን ይችል ነበር። ለፍጥነቱ የከፈልነው ሒሳብ ውስጥ አልጨመራትም።

20 ሜጋ ማለት ሜጋቢት እንደሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ግን ሜጋባይት በመሆኑና አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በሰከንድ 2.5 ቢታየን ሙሉ መብታችንን እንዳገኘን መቁጠር እንዳለብንም አስረድቶናል። ይህን ባለማወቅ ከአገልግሎት ሰጪ ጋር የሚጨቃጨቅ ብዙ ሰው ስላለ ለሁሉም ይድረስ ብዬ እዚህ ጨምሬዋለሁ።

ቀን ቀን ቤት የሚውሉት አማቴ ናቸው። ከመሄዱ በፊት እሳቸው አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ የጅማ ዝናብ መብረቅ ይዞ ሲመጣ የሞደሙንም የራውተሩንም ሶኬት እንዲነቅሉ፣ ግቢውን የሚያቋርጠውን ገመድም ከራውተሩ እንዲያላቅቁ በአፋን ኦሮሞ በትዕግሥት አስረዳቸው፤ የትኛው ሶኬት እንደሆነም በእጃቸው አስነክቶ አሳያቸው። ገመዱ ፀሐይና ዝናብ እንዳይጎዳው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍም መክሮን፣ ያንን ራሳችን አስገጥመናል። የጠየቀን ክፍያ የእጁን ዋጋና የሁለቱን የገመድ ጫፎች ብቻ ነበር፤ ጨምረን ብንሰጠው አልተቀበለም። ከቀናት በኋላም ደውሎ፣ ሰው በሚበዛበት በምሽቱ ሰዓት እንዴት እንደሆነ ጠየቀን። አሁን እኔ ስብሰባ ላይ እያለሁ ልጄ እዚያው ክፍል ውስጥ ቪዲዮዋን ትከታተላለች፤ አንዳችን ሌላችንን አንጠብቅም። እጁ ይባረክ፤ እንዲህ አድርገው ያሳደጉት ወላጆቹም ዕድሜና ጤና ይስጣቸው።

እሱን ለመጥራት ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልጨምር። አንዲት ጎረቤቴ በእኔ ጥቆማ ስትጠራው፣ የእሷ ቤት ችግር ሞደሙ ላይ በቀጥታ ሲለካም የሚታይ ስለነበር፣ ራውተሯን ሳይነካ የተለያየ ሰዓት ልኬት በወረቀት ላይ ጽፎ ለአገልግሎት ሰጪዋ እንድታመለክት ነው የላካት፤ ስለዚህ ችግሩ ከውጭ መስመር ከሆነ ገንዘባችሁን አያስወጣችሁም። ወደ ቤት የሚመጣው ጥገና ቤቱን ከዘጋ በኋላ በመሆኑ ቀጠሮ አስቀድማችሁ ያዙ። የሞደሙንና የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድ አዘጋጅታችሁ ጠብቁት፤ የገዛችሁት ጥቅል ስንት ሜጋ እንደሆነም ከውላችሁ ላይ አይታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነውና።