በርቀት የሚነዳ ሮቦት ወይስ ራሱን የሚነዳ? ለድሬዳዋ የሕሙማን ክፍል

ለነርስ ዕቃ የሚያመላልስ ሮቦት ድሬዳዋ ቢገባ መጀመሪያ የሚፈተነው ኮሪደሩ ላይ ነው። አስታማሚ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ምሳ ዕቃ ደርድሮ ተቀምጧል። ራሱን የሚነዳው መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ይቆማል፤ ነርሷ መጥታ መንገድ ታስለቅቅለታለች፤ ሥራ ተጨመረባት እንጂ አልቀነሰላትም። በርቀት የሚነዳው ግን ከጀርባው ሰው አለ፤ በሶማሊኛም በኦሮምኛም «አሳልፉኝ» ይላል።

የሱ ጣጣ ኔትወርክ ነው። ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ሲዘገይ ንግግር መደራረብ ይጀምራል፤ ምስል ሲዘገይም ነጂው እየቆመ ይሄዳል፣ ነርሶቹም ይሰለቹታል። መስመር ሲቋረጥ ባለበት የማይቆም ከሆነ አይገዛ። ታማሚም ካሜራውን ይጠረጥራል፦ የነጂው ፊት በስክሪኑ ይታይ፣ መጋረጃ ሳይገልጥ ያስፈቅድ።

ሌሊት፣ ኮሪደሩ ባዶ ሲሆን፣ ራሱን የሚነዳው ይሻላል፤ ነጂ አያስፈልገውም። አብዛኛው የሊቲየም ባትሪ ግን ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ ስለማይደረግ፣ የሁለቱም ቻርጀር ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይራቅ።