እንደ ሸክላ የሚጮኸው ከሰል

ጀበና ቡና ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደንበኛ ያስቀየመብኝ ቡናው ሳይሆን ከሰሉ ነው። ባለፈው ክረምት ከአንድ ሱቅ የገዛሁት አንድ ማዳበሪያ ከሰል ለጉድ ነበር። ከላይ ክንድ ክንድ የሚያህል፣ ከሥር ግማሹ ድቃቂ። ገና ሳቀጣጥለው ጠሽ ጠሽ ይላል። አንዱ ፍንጣሪ የደንበኛዬን ሱሪ በሳው። የቀረው ደግሞ እንደ ማገዶ ቢጫ ነበልባል እያወጣ ያጨሳል።

አሁን የምገዛው ሾላ ገበያ ጥግ ላይ ከሚሸጡ አንዲት እናት ነው። አራት ወር ሆነኝ፣ ልመስክር።

የመጀመሪያ ቀን "እማማ፣ ጥሬ የለበትም?" አልኳቸው። አልተከራከሩኝም። ሁለት ከሰል አንስተው አጋጩት። ጭል አለ፣ ልክ እንደ ሸክላ። "ስሚው እንግዲህ ልጄ" አሉኝ።

ድምፁን አውቀዋለሁ። አጎቴ አዊ ውስጥ፣ አዲስ ቅዳም አካባቢ፣ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ተክሎ ያከስላል። እንጨቱን ይከምርና በሳርና በአፈር ያለብሰዋል። አየር እንደልቡ ከገባ የሚተርፈው አመድ ነው፤ ከታፈነ ግን ሙቀቱ ያበስለዋል። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ አብዛኛው እንፋሎት ነው። ውሃው ተኖ እስኪያልቅ እንጨቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ከ200 በኋላ ራሱ እንጨቱ መፍረስ ይጀምራል፤ ጋዝና ሬንጅ የመሰለ ነገር ይተፋል። ወደ 280 ሲጠጋ ደግሞ ሙቀት ከራሱ ያመነጫል። አጎቴ ዲግሪ የሚባል ነገር አያውቅም፣ የሚያየው ጭሱን ነው። ቀጥኖ ሰማያዊ ሲሆን "በቃው" ይልና ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። የቸኮለ አክሳይ ቀድሞ ከደፈነው ልቡ ጥሬ ይቀራል። ቡናማ ነው፣ ይከብዳል፣ ሲያጋጩት ዱብ ይላል። ያ የክረምቱ ከሰሌ እሱ ነበር።

የእማማን አንዱን ሰብሬ አየሁት። የዛፉ የዕድሜ ቀለበት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከመሃል ወደ ቅርፊቱ የሚሄዱ ስንጥቆች አሉት። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ወደ መሃሉ ከሚኮማተረው ይበልጣል፤ ለዚያ ነው እንደ ፀሐይ ጨረር የሚሰነጠቀው። ዛፉ ውሃ ይስብባቸው የነበሩት ቧንቧዎችም እንደ መርፌ ቀዳዳ ቀርተዋል። ክረምት ላይ ጣጣ የሚያመጡትም እነሱ ናቸው፣ እርጥበት ይጠጣሉ። እሳት ሲነካቸው እንፋሎቱ ቶሎ መውጫ ሲያጣ ጠሽ! እማማ ይህን ስለሚያውቁ ነው መሰለኝ፣ ከሰላቸውን ጣውላ ላይ ደርድረው ላስቲክ ያለብሱታል።

በላቀች ምድጃዬ አንዴ ሞልቼ ሦስት ጀበና አፈላለሁ። በድሮው ሁለተኛው ላይ ፍሙ ይከዳኝ ነበር።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ዋጋቸው ከጎረቤቶቻቸው ወደድ ይላል፣ ተከራክሬም አሸንፌያቸው አላውቅም። የሚያደርስ ሰው የላቸውም፣ ማዳበሪያውን በጋሪ የማስጭነው እኔ ነኝ። ድቃቂውም ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን ስጠይቃቸው አበጥረው በሌላ ይተኩልኛል።

አንድ ነገር ግን፦ ይህ ከሰል ስለማያጨስ ቤት ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋት ያምራል። አታድርጉት። ገዳዩ ጋዝ ጭስም ሽታም የለውም። እኔ ዝናብም ቢሆን በር ላይ ነው የማቀጣጥለው፣ ፍሙ ከገባም በኋላ መስኮቴ ክፍት ነው።

እሁድ አይሸጡም። ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ የምታገኙት ላስቲኩን ብቻ ነው።